ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ ቫይረስ አይደለም፤ ግራፊክስ ካርዱ ግሏል

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። የኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው፤ የገዛሁት ያገለገለ ነው። ኤዲት ሳደርግ 20 ደቂቃ ያህል ደህና ይሠራል። ከዚያ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣብ ስክሪኑን ይሞላዋል። አንዳንዴ ጥቁር ይሆንና ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይብስበታል። ቫይረስ ነው ተብዬ ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ እያሉኝ ነው። ሙቀት ይሆን እንዳልል ጎንደር ብርድ ነው። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካርዱን እንዳትጥለው። በርካሽ እንዳትሸጠውም። የመልሱን ግማሽ አንተው ጽፈኸዋል። «20 ደቂቃ ደህና ይሠራል» ብለሃል። «ጠዋት ደህና ነው» ብለሃል። ቫይረስ ጠዋትና ከሰዓት አይለይም። የተበላሸ ዊንዶውስም 20 ደቂቃ ቆጥሮ አይነሳም። ሥራ ሲጠና የሚመጣ፣ አረፍ ሲል የሚሻለው፣ ቀኑ ሲሞቅ የሚብሰው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ነው። ለሁለቱ ፎርማት ያወጣኸው ገንዘብና የባከነው ጊዜህ ያሳዝነኛል። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ምርመራ ይበቃ ነበር።

«ጎንደር ብርድ ነው» ካልከው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ከተማችን እንደ መተማ አታቃጥልም። ግን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላውም ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ በአየሩ መሳሳት ነው። የኮምፒውተር ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስለሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል።

ሰርቨር የሚሠሩ ኩባንያዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ብዙዎቹ በመመሪያቸው ላይ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ፣ በየ300 ሜትሩ፣ ለዕቃው የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በዚያ ሒሳብ ጎንደር ላይ 4 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። አንተ ክፍልህ 28 ዲግሪ ነው ስትል ካርድህ 32 የሆነ ያህል ይሰማዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያለውን ግለት ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

አሁን ካርዱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርህ፤ ይህን ከተረዳህ ሌላው ቀላል ነው። የአንተ ካርድ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 125 ዋት ገደማ ይበላል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል አስታውስ፤ በእጅ አይነካም ነበር። ከዚያ የበለጠ ሙቀት እዚያች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይወለዳል። አብዛኛው ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር ከምታክል አንዲት ቺፕ ነው የሚመጣው። በዙሪያዋ ስድስት የሜሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል። ሜሞሪ መረጃ የሚይዘው በጣም ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ ቋቶች ነው። ቋቶቹ ሲግሉ ቶሎ ያፈስሳሉ። 1 ሆኖ የተቀመጠው 0 ሆኖ ይነበባል። ያ የተሳሳተ ቁጥር የአንዲት ነጥብ ቀለም ከነበረ፣ በሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ስህተቱ ሲበዛ ካርዱ መልስ መስጠት ያቆማል። ዊንዶውስ 2 ሰከንድ ይጠብቀዋል። ካልመለሰ ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ ዘግቶ እንደገና ያስነሳዋል። «ጥቁር ይሆንና ይመለሳል» ያልከው ይኸው ነው። ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወርን ክፈትና በሲስተም ሥር ቁጥር 4101 ፈልግ። ሰዓቱ ስክሪኑ ከጠቆረበት ጋር ከገጠመ ድራይቨሩ ተዘግቶ መነሳቱ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ወደ ምርመራው እንግባ። ነጠብጣቡ ሲመጣ ሳትደናገጥ ስክሪን ሾት አንሳ። ከዚያ ምስሉን ወደ ስልክህ ላክና እዚያ ተመልከተው። ነጠብጣቡ በስልክህም ላይ ከታየ ስህተቱ የተፈጠረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ነው። በስልክህ ላይ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ግን ካርዱን ተወው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከካርዱ ወዲህ ነው፤ ኬብሉ ወይም ሞኒተሩ። በዚህች አንዲት ሙከራ ብቻ ስንት ጤነኛ ካርድ ከመጣል እንደዳነ እኔ አውቃለሁ። ገንዘብ አትጠይቅም፣ ሙያ አትጠይቅም።

ቀጥሎ ሙቀቱን በቁጥር ማየት አለብህ። ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሳይሞቅ ከፍተህ የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ የተለመደ ሥራህን ጀምር፤ ኤክስፖርት አድርግ። በየ5 ደቂቃው ቁጥሩን ጻፍ። ከ65 እስከ 78 ዲግሪ ለዚህ ካርድ ሰላም ነው። 83 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። አምራቹ ለዚህ ካርድ ያስቀመጠው የመጨረሻ ጣሪያ 88 ነው። «ሆት ስፖት» የሚል ሌላ መስመርም ታያለህ። ይህ የቺፑ በጣም የጋለው ነጥብ ነው። ከዋናው ቁጥር ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢበልጥ ጤና ነው። 25ና ከዚያ በላይ ከበለጠ ቺፑ ላይ የሚቀባው ተርማል ፔስት ደርቋል፣ ወይም ሙቀቱን ከቺፑ የሚቀበለው ብረት፣ ሂት ሲንኩ፣ በደንብ አልተቀመጠም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የአንተ ካርድ የሜሞሪውን ሙቀት አያሳይም። ዋናው ቁጥር 76 ሆኖ ሜሞሪው ግን ከዚያ በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «76 ነው፣ ሙቀት አይደለም» ብለህ እንዳትዘጋው። እንዲህ አድርግ፤ የኬዙን የጎን ክዳን ፍታና የቤት ቬንትሌተር አምጥተህ ፊት ለፊት አቁምበት። በሙሉ ኃይሉ ይንፋበት። ያው ሥራ፣ ያው ሰዓት። 20 ደቂቃ ላይ ይመጣ የነበረው ነጠብጣብ ሰዓት ሙሉ ሳይመጣ ከቀረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግህም።

እንግዲህ ሙቀት መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። ለምን ጋለ?

የጎንደር ስቱዲዮ ኮምፒውተር ከፍቼ የማየውን ልንገርህ። ክዳኑ ሲነሳ ፋኑ ጥቁር ሳይሆን ቡናማ ነው። ፋኑን አንስቼ ከሥሩ ያሉትን የሂት ሲንክ ቀጫጭን ቅጠሎች ሳይ፣ መሃላቸው ያለው ክፍተት ጠፍቷል። አቧራው ላዩ ላይ ተነጥፎ በጥፍር ሲነሳ እንደ ባና ቁራጭ አንድ ላይ ተያይዞ ይወጣል። አየሩ በየት ይለፍ? በጥር ሰርጉ ሲበዛ አቧራውም አብሮ ይበዛል፤ በጋ ነው፣ በዚያ ላይ የመንገድ ሥራ አለ። ጎረቤት ልብስ ሰፊ ካለህ ደግሞ የጥጡ ብናኝ ከአቧራው ጋር ተጠላልፎ ይጋገራል። ሱቅ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ከተጨሰም ጭሱ ስስ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ዕጣን አታጭሱ አልልም። ኮምፒውተሩን ግን ራቅ አድርገው።

ዳንቴሉስ? ብዙ ቤት ኬዙ ዳንቴል ወይም ጨርቅ ይለብሳል፣ ከአቧራ ይጠበቅ ተብሎ። በቅንነት ነው፤ እናቶቻችን ቴሌቪዥኑንም ያለብሱታል። ግን ጨርቁ ከላይ ያለውን የአየር መውጫ ይደፍነዋል። ሲጠፋ ይልበስ፣ ሲሠራ ይገለጥ። ኬዙን በር ባለው የጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ ከትተህ ከሆነም አውጣው። የወጣው ትኩስ አየር እዚያው ተመልሶ ይገባል።

ማጽዳቱን ራስህ ልትሠራው ትችላለህ። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ ማስነሻውን ቁልፍ 5 ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣ። የኬዙን ብረት ንካ፤ በሰውነትህ ላይ ያለው ስታቲክ ይወርዳል። ካርዱን ከማውጣትህ በፊት ብሎኑን በካቻቢቴ ፍታ፣ የኃይል ገመዱን ንቀል፣ ሶኬቱ ላይ ያለችውን መያዣ ተጫን። በጉልበት አትጎትት። ከዚያ ደረቅ የቀለም ብሩሽና የእጅ ብሎወር በቂ ነው። ፋኑን በጣትህ ይዘህ ንፋ። እንዳይሽከረከር።

ይህን የምልህ እኔም ስለተማርኩበት ነው። በጀማሪነቴ የአንድ ደንበኛ ካርድ ይዤ ወደ ጎሚስታ ሄድኩ። በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር አስነፋሁት። ፋኑ ከአቅሙ በላይ ጮኾ ዞረ። አቧራው ወጣ፤ ፋኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተንቋቋ ይዞር ነበር። ሌላ ፋን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት። የጎሚስታ አየር ውሃና ዘይትም ይዞ ይመጣል። እባክህ እዚያ አትውሰደው።

አቧራው ተጠርጎ ቁጥሩ ካልወረደ ተራው የተርማል ፔስቱ ነው። ፔስቱ በቺፑና በሂት ሲንኩ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ቅባት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደርቃል። ስትከፍተው እንደ ክረምት ጭቃ በበጋ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አንሳው። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 ፐርሰንት ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን በደንብ ይድረቅ። አዲሱን ፔስት ስስ አድርገህ ቺፑን ሙሉ በሙሉ ሸፍን። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ካጠበቅህ ቺፑ ጥጉ ላይ ሊሰበር ይችላል። የጥርስ ሳሙና የቀባ ሰው አጋጥሞኛል። ለሁለት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ደርቆ ከበፊቱ ይብሳል።

ሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ሌላ ነገር ናቸው። እነሱን በፔስት አትተካ፤ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ፔስት አይደርስም። ፓድ ከተቀደደብህ ውፍረቱን ለካ፤ 1 ሚሊሜትር ከሆነ 1 ሚሊሜትር ግዛ። ወፈር ያለ ካደረግህ ሂት ሲንኩ ከዋናው ቺፕ ይነሳና ነገሩ ይገለበጣል። ለአንተ ይህን አጥብቄ የምነግርህ ካርድህ ያገለገለ ስለሆነ ነው። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲቀይር እሱን በግራፊክስ ካርድ ማውጣት (ማይኒንግ) ቆመ። ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ወደ ገበያ ጎረፉ። 1660 ሱፐርም ለዚያ ሥራ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነበር። የአንተው ከነዚያ ይሁን አይሁን ከውጭ አይታወቅም። ሲከፈት ግን ይታወቃል። ፓዶቹ ዘይት አውጥተው ሰሌዳውን ካረጠቡት ብዙ ሠርቷል። ያ ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ፓድ ይቀየርለታል።

ካርዱን መፍታት ካስፈራህ፣ ወይም የሰርግ ሥራ ስላለብህ ዛሬ ጊዜ ከሌለህ፣ የሚያሻግርህ መንገድ አለ። የካርዱን ኃይልና ፋን የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን፣ ጫንና «ፓወር ሊሚት» የሚለውን ወደ 80 ፐርሰንት አውርደው። ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። የፋኑን ፍጥነትም ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ከፍ እንዲል አድርገው። ይጮኻል፣ ግን ይጮኽ። ከባዱን ኤክስፖርት ለማታ ወይም ለንጋት አድርገው። ጎንደር ሌሊት የምትሰጠውን ብርድ ተጠቀምበት። ይህ ፈውስ አይደለም፤ ሥራህን አስረክበህ እስክትከፍተው ድረስ ያቆይሃል።

ሙቀት ያልሆነበትን ሁኔታም ልንገርህ፣ ያለ ጥፋቱ አቧራ እንዳትወቅስ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ፣ ጠዋት ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ሳይገባ መጀመሪያ በሚወጣው የባዮሱ ጽሑፍ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ራሱ ተጎድቷል። ፎርማትም ጽዳትም አይመልሰውም። ነጠብጣብ ሳይመጣ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ወይም ሲፒዩውን ጠርጥር። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆንክ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑርህ። ሙቀቱ 60 ሆኖ ነጠብጣቡ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ድራይቨሩን ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር መጥረጊያ ፕሮግራም ጠርገህ አዲስ ጫን። ድራይቨር ለመቀየር ዊንዶውስ ሙሉ ፎርማት አይደረግም።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ካርዱን ምድጃ ውስጥ ወይም በሙቅ አየር መንፊያ «አብስለው» የሚልህ ሰው ካለ እሺ አትበል። ወሬው ሥር አለው። ሰኔ 2000 ዓ.ም. ላይ የካርድህን ቺፕ የሠራው ኩባንያ ኤንቪዲያ በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በነበረ የአሠራር ድክመት ምክንያት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጥገናና ለመተካት መመደቡን አሳወቀ። ቺፑን ከሥሩ የሚያያይዘው ነገር በሙቀትና በቅዝቃዜ ምልልስ ይሰነጠቅ ነበር። ያኔ ሰዎች ሲያሞቁት ለጥቂት ሳምንት ይነሳላቸው ነበር፤ ከዚያ መልሶ ይሞታል። የአንተ ችግር ደግሞ ያ አይደለም። የጋለን ዕቃ ይበልጥ ማጋል ፓዱን ያበላሻል፣ ፋኑን ያጣምማል፣ ጭሱም ለሳንባህ መርዝ ነው።

ላፕቶፕ ያላችሁ ይህን ስታነቡ፦ ነገሩ ያው ነው፣ መንገዱ ጠባብ ነው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። ከኋላ በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ብታደርጉት እንኳ አየር ያገኛል። ውስጡን ለማጽዳት ግን ፍሌክስ ገመዶቹ ስስ ስለሆኑ እጁን የለመደ ሰው ይፍታው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስና በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ነጠብጣቡ ስክሪን ላይ ብቻ ላይቀር ይችላል። ኤክስፖርቱን በግራፊክስ ካርዱ የምታሠራው ከሆነ፣ ሜሞሪው በተሳሳተበት ሰዓት የተሠራው ፋይል ውስጥም ይገባል። በሁለት ሰዓት ቪዲዮ መሃል፣ አማቾቹ እየጨፈሩ፣ ለአንድ ሰከንድ ብቻ አረንጓዴ ካሬ ብልጭ ሊል ይችላል። አንተ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አይተህ አስረክበህ ይሆናል። ችግሩ ከጀመረበት ቀን ወዲህ የሠራሃቸውን ፋይሎች አውጣና በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ከዳር እስከ ዳር ተመልከታቸው። ዋናውን የካሜራ ፋይል የማንንም ሰርግ ገና አታጥፋ። ኮምፒውተሩን ከመክፈትህ በፊት ዛሬውኑ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው። ብልጭታ ያገኘህበት ካለ ለቤተሰቡ ደውልላቸው፤ ካርዱ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ኤክስፖርት አድርገህ ስጣቸው።

የጠዋቱንና የከሰዓቱን ቁጥር፣ የሆት ስፖቱንም ጨምረህ ላክልኝ። ፔስት ነው ፓድ ነው የሚለውን ከቁጥሩ አይቼ እነግርሃለሁ።